ወፎቹ ሲሄዱ እመጣለሁ ያሉት የአቶ አልቢን ያሮሽ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ የስትራንድሎ ሰዎች፣ ከሩቅም ከቅርብም ለቀብሩ የመጣችሁ ወዳጆች፣ ይህን ጽሑፍ ጽፌ እንዳነብ የታዘዝኩት እኔ ኤይናር ሆልም የሟች ባለቤት ወንድም ነኝ። የሥጋ ዘመድ ማንበብ ሲገባው አማች ለምን ተነሣ የሚል ቢኖር፣ ሟች ከአንዲት ልጃቸውና ከልጆቿ በቀር በዚህች ደሴት ላይ የቀራቸው ዘመድ እንደሌለ፣ ያቺም ልጅ ዛሬ ድምፅ እንዳልወጣላት ከወዲሁ ይወቅልኝ።

አቶ አልቢን ያሮሽ ከአባታቸው ከአቶ ፍራንስ ያሮሽና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሮዛሊያ፣ እ.ኤ.አ. በ1943 በመጋቢት ወር፣ በዚሁ በሎላንድ ደሴት፣ ከስኳር ፋብሪካው ጀርባ ባለው የሠራተኞች ሠፈር ተወለዱ። አያቶቻቸው ከፖላንድ ተነሥተው በጸደይ ስኳር የሚጨመቅበትን የስኳር ሥር ሊያርሙ፣ በመኸር ሊነቅሉ፣ የገና በዓል ሳይደርስም ወደ አገራቸው ሊመለሱ ተዋውለው የመጡ፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ግን መንገዱን ዘግቶባቸው በዚሁ የቀሩ ሰዎች ነበሩ። አቶ አልቢን ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳሉ አባታቸው በሳንባ በሽታ ስላረፉ፣ ወንድምም እህትም ሳይኖራቸው፣ ቀኑን ሙሉ እርሻ ላይ ጎንበስ ብለው በሚውሉ እናት እጅ አደጉ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚሁ በስትራንድሎ ትምህርት ቤት ገብተው ሰባት ዓመት ተማሩ። በክፍሉ ውስጥ ብቸኛው ካቶሊክ እሳቸው ስለነበሩ፣ ጠዋት በሩ ላይ ብቅ ሲሉ ልጆቹ «ፖላኩ መጣ፣ ሥሩን ደብቁ» እያሉ ይሥቁባቸው ነበር። እሳቸው መልስ የሚሰጡ ዓይነት ልጅ አልነበሩምና የምሳ ዳቦአቸውን ይዘው ከፋብሪካው በስተ ምሥራቅ ወዳለው ግድብ ይሄዱና እዚያ ተቀምጠው ይበሉ ጀመር። እናታቸው ከማን ጋር እንደሚበሉ በጠየቋቸው ጊዜ «ከወፎቹ ጋር» ብለው ቢመልሱ፣ ወይዘሮ ሮዛሊያ «እነሱም እንደኛ ናቸው፣ ለወቅቱ ሥራ የመጡ» ማለታቸውን አቶ አልቢን እስከ ሽምግልናቸው ድረስ ያነሡት ነበር።

በአሥራ አምስት ዓመታቸው በፋብሪካው ማጠቢያ ክፍል ተቀጥረው ስምንት መኸር ከሠሩ በኋላ፣ የቆሻሻ ውሃው ሐይቆች ጠባቂ ሆነው ተሾሙ። ፋብሪካውን ሲሠራ ያላያችሁት ወጣቶች እንድታውቁት ያህል፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ገና የስኳር ሥሩ የታጠበበት ውሃ፣ ጭቃውን እንደ ያዘ፣ እንፋሎቱም ሳይለቀው፣ በቦይ ወደ ሦስቱ ሐይቆች ይወርድ ነበር፤ ፋብሪካው ሥር መጭመቁን ከጨረሰ በኋላም ሽሮፑን እስከ ክረምቱ ማብቂያ ያፈላ ስለነበር የሞቀ ውሃ አይቋረጥም። በመጀመሪያው ሐይቅ ጭቃው ይዘቅጣል፣ በሁለተኛው ውሃው ይጠራል፣ ከሦስተኛው ወደ ባሕር ይለቀቃል። በሐይቆቹ መካከል ባሉት በሮች ላይ ሳንቃ መደርደርና ማንሣት የእሳቸው ሥራ ሆነ፤ ሳንቃ ሲነሣ ውሃው ይጎድላል፣ ሲጨመር ይሞላል፤ ሥራው ይኸው ነበር።

ወፎቹን ያስተዳድሩ የነበሩትም በእነዚሁ ሳንቃዎች ነው። በጸደይ ሐይቁን ሞልተው ያቆዩታል፤ ያን ጊዜ ጭንቅላታቸው ቡናማ የሆነ ነጫጭ የባሕር ወፎች በሐይቁ ውስጥ ባሉት ትንንሽ ደሴቶች ላይ ይንጫጫሉ፣ በእነሱም ጥበቃ ተከልለው ዓይናቸው እንደ ፍም የቀላ ትንንሽ ጠላቂ ወፎች ጎጇቸውን በውሃው ላይ ያንሳፍፋሉ። በሐምሌ፣ ጫጩቶቹ ከበረሩ በኋላ፣ ውሃውን ቀስ እያሉ ይቀንሱታል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ረጃጅም እግርና ረጃጅም ምንቃር ያላቸው ወፎች ከሰሜን ጫፍ ወርደው የተገለጠውን ጭቃ እየወጉ ይመገባሉ፣ ስብ ያዝ ሲያደርጉም ወደ አፍሪካ ያልፋሉ። በጥቅምት ዝይና ዳክዬ ይመጣል። በጥር፣ በዙሪያችን ያለው ባሕር ሁሉ በረዶ ለብሶ ሲቀር፣ የእኛ ግም ውሃ ግን ስለሚሞቅ አይረጋምና፣ ከምሥራቅ የሚመጡት ስዋን የተባሉት አንገተ ረጃጅም ነጫጭ ወፎች ሳይቀሩ እሱ ላይ ተጨናንቀው ይከርማሉ። አንዱ ሲሄድ ሌላው እየመጣ፣ በዚያ ሐይቅ ላይ ወፍ የጠፋበት ወር አልነበረም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ የአቶ አልቢን ሕይወት የተሰበረው በእሷ ነውና።

አቶ አልቢን በ1968 ኅዳር ወር ከወይዘሮ ሪግሞር ሆልም ጋር በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ሪግሞር ታላቅ እህቴ ናት፤ አንቺ እያልኩ ያደግሁባት ስለሆነች ወግ ቢያዝም እዚህ ቆሜ አንቱ ልላት አልችልም፣ ይቅር በሉኝ። አባታችን ጋብቻውን አልወደዱትም ነበር። ሙሽራው ካቶሊክ፣ የሠራተኛ ልጅ፣ በዚያ ላይ ልብሱ የሐይቁን ጠረን ተሸክሞ የሚገባ ሰው ስለሆነ፣ ማዕድ ላይ ተቀምጠን ሳለ «ደግነቱ ሲመጣ ከሩቁ እናውቀዋለን» አሉ። ሪግሞርም «አፍንጫ ይለምዳል አባዬ፤ ያንተን ትንባሆ ለምደነው የለም እንዴ?» ብላ መለሰችላቸው፣ ነገሩም በሣቅ አለቀ። ባልና ሚስቱ በግድቡ ጫፍ ባለችው የጠባቂ ቤት ገብተው በ1971 ልጃቸውን ኤልናን አፈሩ፣ በሰላምም ኖሩ።

እንደምታውቁት በእኛ ዘንድ አሥራ ሁለት ዓመት ተኩል የሞላው ጋብቻ የሃያ አምስት ዓመቱ የብር ሠርግ አጋማሽ ስለሆነ የመዳብ ሠርግ ተብሎ ይከበራል። የእነሱ በ1981 ግንቦት ላይ ዋለ። ጎረቤት ሁሉ ማለዳ ተሰብስቦ ደጃቸው ላይ በቅጠል የተሸለመ ቅስት አቆመ፣ ዘመርን፣ በላን፣ ጠጣን፤ ከዚያም ሪግሞር ስንት ዘመን የለመነችው ነገር ተፈጸመና ባልና ሚስቱ ለሁለት ሌሊት ወደ ቦርንሆልም ደሴት ሄዱ። አቶ አልቢን ከሐይቁ ርቀው ሲያድሩ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። በዚያው ሌሊት ዶፍ ወረደ። በእሳቸው ቦታ የተተካው ሰው ግድቡ ይናዳል ብሎ ፈርቶ ሳንቃዎቹን አነሣ፤ ጥፋት አልነበረበትም፣ ግድቡ ቢናድ ሠፈራችን ይጥለቀለቅ ነበር። ነገር ግን ውሃው ሲወርድ ተንሳፋፊዎቹ ጎጆዎች ጭቃ ላይ ተቀመጡ፣ እስከ ትናንት ውሃ የከለከለው ቀበሮም በእግሩ እየተራመደ ገባ። ሁለቱ ሲመለሱ ሐይቁ ዝም ብሎ ጠበቃቸው። ሪግሞር በበዓል ልብሷ ጭቃው ውስጥ ገብታ ከጎጆ ወደ ጎጆ አብራቸው ዞረች፣ የቀሩትን እንቁላሎችም በእጇ ዳሰሰች፤ ሁሉም ቀዝቅዘው ነበር። አቶ አልቢን ያን ዕለት «ከእንግዲህ ሌላ ቦታ አላድርም» አሉ፣ እሷም ሰማች፣ አልተከራከረችም።

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲናገር ለጊዜው ይመስለናል። እሳቸው ግን ቃላቸውን ጠበቁ። ኤልና ለትምህርት ወጣች፣ በግድቡ ላይ ያለችው ቤት ሁለት ሰው ብቻ ቀረባት፤ ከሁለቱም አንዱ ከማለዳ እስከ ማታ ውጭ ነው። በ1990 እህቴ በኦደንሴ ከተማ በአረጋውያን ቤት ሥራ አገኘች። እናታችን ልታስቀራት ብትሞክር «ጠረኑን ለምጄዋለሁ፣ ዝምታውን ነው ያልቻልኩት» አለቻት። ጥል አልነበረም፣ ፍቺም አልነበረም። እሷ የምታውቀው ባሏ አብሯት እንደሚመጣ ነው፤ እሳቸውም አልዋሿትም፤ ዕቃዋን መኪናዬ ላይ እየጫኑላት «ወፎቹ ሲሄዱ እመጣለሁ» አሏት።

ያን ጊዜ ጸደይ ነበር። ጫጩቶቹ እስኪበሩ ተባለና ጫጩቶቹ በረሩ፤ ግን ባለ ረጃጅም እግሮቹ ወርደው ጭቃ ፈለጉ። እነሱ ሲያልፉ ዝይው ገባ። ዝይውን ስዋኑ ተካው፣ ስዋኑ ሲነሣ ነጫጮቹ የባሕር ወፎች ደሴቶቹን ይዘው ይንጫጩ ነበር። ሐይቁ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ሆነባቸው። እኔ በሁለቱ መካከል መልእክተኛ ሆኜ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ከፈለጉ አንድ ሌሊት አያጡም» ብላቸው «ኤይናር፣ አንድ ሌሊት ነበር እኮ ያጠፋቸው» አሉኝ። የእህቴ ነገር ስለሚቆረቁረኝ ብዙ ጊዜ ተናድጄባቸዋለሁ። ሆኖም ተናድጄ ስሄድ በመኪናዬ መስተዋት ግድቡ ላይ ብቻቸውን ቆመው አያቸዋለሁ፣ ንዴቴም ይበርድ ነበር።

በ1993 ኅዳር ላይ የብር ሠርጋቸው ቀን ደረሰ። የሠፈሩ ወንዶች ተሰብስበን ቅስት ይቆም አይቁም ብለን ተመካከርን፤ ሚስት ኦደንሴ፣ ባል ስትራንድሎ ሆነው የማን በር ላይ ይቆማል ተባለና ነገሩ በዚያው ቀረ። እኔ ግን ማለዳ ሄድኩ። አቶ አልቢን ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ክራባታቸውን አስረው፣ ለሃያ ሰው የሚበቃ ዳቦ ጋግረው፣ ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር አሰናድተው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ማንም እንደማይመጣ አልነገርኳቸውም። ድምፄ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ ቢሆንም ወደ ደጅ ተመልሼ ወጥቼ ቅስት በሌለው በር ላይ ብቻዬን ዘመርኩላቸው። አመሰገኑኝ፣ አስገቡኝ፣ ቅቤ አቀረቡልኝ።

«ትመጣ ይሆናል ብዬ ነበር» አሉኝ።

«እሷም እኮ እዚያ ሆና ትመጣ ይሆናል እያለች ነው» አልኳቸው።

«ስዋኖቹ ትናንት ገቡ፣ ኤይናር» አሉኝ። ዳቦውን ለሁለት ልንጨርሰው ስላልቻልን የቀረውን ለወፎቹ ወሰድንላቸው።

በ2003 ፋብሪካው ሥራውን አቆመ። የእናንተ አባቶች ለእንጀራቸው ሲያዝኑ አቶ አልቢን የመጨረሻውን የሞቀ ውሃ በሦስቱ በሮች አሳለፉ፣ መጦሪያቸውንም ይዘው እዚያችው ቤት ተቀመጡ። በተከታዩ ጥር ላይ ብርዱ ጸና፤ እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ረግቶ አይቼው የማላውቀው ሐይቅም ከዳር ወደ መካከል እየጠበበ መጥቶ ጠቅልሎ ረጋ። ስዋኖቹ በቀረችው ቀዳዳ ሁለት ቀን ተጨናንቀው ዋሉ፣ በሦስተኛው ተነሥተው ወደ ምዕራብ ሄዱ። አቶ አልቢን ስልክ ደውለው «ሄዱ» አሉኝ። ቀጥለውም «መኪናህ ይሠራል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ከዚህ በኋላ የማነበውን ከእህቴና ከእኔ በቀር ማንም አያውቀውም፤ እንዳነበው የፈቀደችልኝ እሷ ናት። አቶ አልቢንን ከአንዲት ሻንጣ ጋር ኦደንሴ ወስጄ ከበሯ አደረስኳቸው። መንገዱን ሁሉ እንደ ሙሽራ ክራባታቸውን ሲያስተካክሉ ነበር። ሪግሞር በሩን ከፈተች፣ አየቻቸው፣ ኮታቸውን ተቀብላ ሰቀለች፤ ለሦስታችንም ምግብ አቀረበች፣ በላን። ከበላን በኋላ «ወፎቹ ሄዱ፣ ሪግሞር» አሏት። እህቴም ሳትቆጣ፣ ጠረጴዛውን በመዳፏ እየጠረገች እንዲህ አለች፦

«አልቢን፣ አሥራ ሦስት ዓመት በር በሩን ሳይ ኖርኩ። መኪና በቆመ ቁጥር ተነሣሁ። ያቆምኩት ባለፈው ዓመት ነው፤ ስንት ጊዜ እንደፈጀብኝ አታውቅም። እባክህ እንደገና አታስጀምረኝ።»

«አልሄድም እኮ» አሏት።

«በረዶው ይቀልጣል» አለች።

ሰው ያን ጊዜ ቢለምን፣ ቢምል፣ ቢያለቅስ ማን ይፈርድበታል? እሳቸው ግን በሕይወታቸው ሙሉ ያላደረጉትን ያን ጊዜም አላደረጉትም፤ አልዋሹም። «ልክ ነሽ» አሏት። ያን ሌሊት ሳሎን ተኙ፣ በማግሥቱ መልሼ አመጣኋቸው። በመንገድ ላይ አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፤ «ቤቷ ደስ ይላል» አሉ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት «አልቢን ወፍ የሌለው ወፍ ጠባቂ» እያላችሁ የቀለዳችሁ፣ ለምን ደረቅ ጭቃ እንደሚጠብቁ የጠየቃችሁ፣ መልሱ ይኸው ነው፤ ሌላ የሚሄዱበት ቦታ አልነበራቸውም። የመጀመሪያው ሐይቅ ተደፍኖ ስንዴ ተዘራበት፣ ሁለተኛው ሸምበቆ ሆነ፣ ሦስተኛው የዝናብ ውሃ ያቁራል። በጸደይ ጥቂት ወፎች ይመጣሉ፣ በመኸር ይሄዳሉ፣ ክረምቱን ሙሉ በረዶው ላይ ምንም የለም። በየዓመቱ ለአራት ወር ማንም የማያግዳቸው ነፃ ሰው ሆኑ፤ ያን አራት ወር በመስኮት አጠገብ ተቀምጠው ያሳልፉት ነበር። ሆድ ይፍጀው ብለው ለማንም አልተናገሩም።

በ2018 እንደ አባታቸው ሳንባቸው ታመመ። ኤልና ወደ ራሷ ቤት ልትወስዳቸው ደጋግማ ብትለምን አመስግነው እንቢ አሏት። ሕመማቸውን የሰማችው ሪግሞር ግን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትደውልላቸው ጀመር። ስለ ቀድሞው አያነሡም፤ እሷ ምን እንደ ቀቀለች ትነግራቸዋለች፣ እሳቸው ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ይነግሯታል። እሑድ ጠዋት ፂማቸውን ተላጭተው፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ስልኩ አጠገብ ሲቀመጡ አግኝቻቸዋለሁ። ባለፈው እሑድ ሁለት ጊዜ ደውላ መልስ ስታጣ ወደ እኔ ደወለች። «ኤይናር፣ አልቢን አያነሣም። ሂድና እየው» አለችኝ። ድምፅዋን ስሰማ አውቃ እንደምትልከኝ ገባኝ። አቶ አልቢን ያሮሽ በሰባ ስድስት ዓመታቸው፣ በጥቅምት 2019፣ ለብሰው፣ ተላጭተው፣ ወንበራቸው ላይ እንደ ተቀመጡ ብቻቸውን አርፈው አገኘኋቸው።

ዛሬ ስመጣ በሠፈሩ ደጅ ሁሉ ባንዲራው እስከ ግማሽ ተሰቅሎ አየሁ። ብቸኛ ሰው ሲሞት ጎረቤቱ ይበዛል። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ ከፈለጋችሁ ግን ለወቀሳ ውሰዱት።

አቶ አልቢን ዝምተኛ፣ ቃላቸውን ጠባቂ፣ ቁጣ የማያውቁ፣ በፍቅራቸው ግን ቀርፋፋ ሰው ነበሩ። ከኋላቸው አንዲት ልጃቸውን ኤልናን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሪግሞርን ትተው አልፈዋል። ይህን የመጨረሻውን መስመር ስጽፍ ምን ብዬ ልጥራት ብዬ ትናንት እህቴን ጠይቄያት ነበር። «ባለቤቱ በለኝ፤ አልተፋታንም» አለችኝ። ካህኑንም አነጋግራ መቃብሩ የሁለት ሰው እንዲሆን ማስደረጓን፣ ከእሳቸው በስተ ቀኝ ያለው ቦታ የእሷ መሆኑን ያኔ ነገረችኝ። በሕይወት እያሉ ያልሰጠቻቸውን ቦታ ለምን አሁን ብዬ ጠየቅኋት፤ ወንድም ነኝና ይህን መጠየቅ እችላለሁ።

«እዚያ እሱም አይሄድም፣ እኔም አልጠብቅም» አለችኝ።

ውሃንና በውሃ ላይ የሚያርፉትን ሁሉ የፈጠረ አምላክ የወንድማችንን የአቶ አልቢንን ነፍስ ተቀብሎ ከቤቱ ያስገባልን፤ ለልጃቸውና ለባለቤታቸው ጽናቱን ይስጥ። አሜን።